ሐይቅ ዳር ለዕረፍት የተላክሁ ዕለት

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አንገታቸው ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ላላቸው ሰዎች ነው። ከእነሱም ይልቅ ለጾመኞቹ። ብዙ መናገር አልችልበትም፤ የደረሰብኝን ብቻ አስቀምጣለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ መጻፍ ችያለሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት በባሕር ዳር መንገድ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። አንድ ልጅ አለችኝ፣ ሰብለ ትባላለች፤ አዲስ አበባ ትሠራለች።

እንቅርት በእኛ አገር ብዙ ሴት ላይ ይታያል። እናቴም ነበራት፤ በሽታ ነው ብሎ የቆጠረው ሰው አልነበረም። የእኔም ከወጣትነቴ ጀምሮ ነበር፤ በነጠላ እሸፍነዋለሁ። ኋላ ግን እያደገ መጥቶ ስውጥ ያንቀኝ፣ በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያሳጥረኝ ጀመር። ሰብለ አዲስ አበባ ወስዳ አሳየችኝና ተቆረጠልኝ። ሥራው በደህና አለቀ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ያወጣነው እጢ ሰውነትዎን የሚያንቀሳቅስ ንጥረ ነገር ያመነጭ ነበር። አሁን የለም። ይህች ኪኒን ትተካዋለች። በቀን አንድ፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክዎን።»

በባዶ ሆድ የምትለዋን ደግሜ እንድነግረው አደረገኝ። አስተማሪ ነበርሁና እንዲህ ማስጠናቱ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኪኒኗን አንድም ቀን አላቋረጥሁም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ብዙ የተጠየቅሁት እሱን ነው።

ድካሙ የመጣው በዝግታ ነው። መጀመሪያ ብርድ ሆነ። ደብረ ማርቆስ መቼም ብርድ ነው፣ ማንም አይገርመውም። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ ፊቴ አበጠ፤ ጠዋት ስነሣ ዓይኔ አልገለጥ ይለኛል። ጠጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ድምፄ ጎረነነ። ከአልጋ ለመውረድ እግሬን አንድ በአንድ፣ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ፣ በእጄ እያነሣሁ አወርደው ነበር።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ውዳሴ ማርያምን በቃሌ እደግማለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። አንድ ቀን የረቡዑን እየደገምሁ መሐል ላይ ጠፋኝ። ተመልሼ ከመጀመሪያው ጀመርሁት፤ እዚያው ቦታ ስደርስ ጠፋኝ። መጽሐፉን አውጥቼ ጨረስሁና አለቀስሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ከዚያ በኋላ ሌሊት ስነቃ፣ የልጄን ስም፣ የባለቤቴን ስም፣ የእናቴን ስም በልቤ እየጠራሁ እንዳለ አረጋግጣለሁ።

ሕክምናው ከሰፈር ክሊኒክ ጀመረ። ታይፎይድ ነው ተባልሁ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ሌላው ደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠኝ። አንድ ወጣት ሐኪም «ብቻዎን ስለሚኖሩ ጭንቀት ነው» አለና የሚያስተኛ ኪኒን አዘዘልኝ። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አልቸገረኝም፤ ወንበር ላይ እንኳ ይወስደኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ዓይን ነው አሉ። ጠበልም ገባሁ፤ ነፍሴ አረፈች፣ ሰውነቴ ግን እንደ ደከመ ተመለሰ።

ወረፋ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ቀን ስነቃ ራሴ የማላውቃት ሴት ትከሻ ላይ ነበር። ለካ ተራዋ ደርሶ ተጠርታ ነበር፤ «እስኪነቁ ብዬ ነው፣ አሳዘኑኝ» ብላ ተራዋን ለሌላ ለቅቃለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። በጸሎቴ «ያቺ ሴት» እያልሁ አነሣታለሁ።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ጠባሳዬን አየና ደሜን ለሆርሞን ምርመራ ላከው። ሆርሞን ያቺው ንጥረ ነገር ናት። ውጤቱ ሲመጣ ሰውነቴ ውስጥ የለችም ማለት ይቀላል።

«ኪኒኑን ይወስዳሉ?» አለኝ።

«እወስዳለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«በባዶ ሆድ?»

«በባዶ ሆድ።»

መጠኑን ጨመረልኝ። ከፋሲካ በኋላ ስመረመር ውጤቱ መልካም ሆነ። ሰኔ አልፎ ስመረመር ወደቀ። እንደገና ጨመረልኝ፤ እንደገና ወጣ ወረደ። አንድ ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ኪኒኑን ይጥሉታል?» አለኝ።

«ኧረ ጌታዬ! መድኃኒት እጥላለሁ?» አልሁት። በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው ውሸታም ነሽ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልተመለስሁም።

ደግሞ እውነት ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻለኝ ነበር። ጾሙ ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሲደሰት የእኔም ሰውነት ይፈታል። የትንሣኤው በረከት ነው እል ነበር። ሰኔ ሲገባ ተመልሼ እወድቃለሁ። ሰብለ «ዝናቡ ነው» ትላለች።

ከዚያ የእሳቱ ነገር መጣ። ሽሮ ጥጄ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎረቤቴ ጭሱን አይታ፣ በሩን ገፍታ ገብታ ምድጃውን አጠፋች። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቤቱም እኔም ተረፍን። ግን ለሰብለ ደወለችላት።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» አለችኝ ሰብለ በስልክ። «ከፋሲካ ማግስት ቤቱን ዘግተን ወደ እኔ ትመጫለሽ። በቃ።»

እኔ ከአልጋዬ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል እሰማለሁ። ባለቤቴ የተቀበረው እዚያው ግቢ ነው። ሰብለ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በዚህ እግሬ ከወጣሁ እንደማልወርድ አውቄዋለሁ። ግን ቤት ሊያቃጥል የደረሰ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

«እስከዚያ ግን ዕረፍት ያስፈልግሻል» አለች። «ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ሪዞርት ይዣለሁ። አብረን እንሄዳለን።»

«በሁዳዴ ምን ሪዞርት ነው?»

«ሽርሽር አይደለም እማዬ። ጸጥ ያለ ነው፤ በጾም ማን ይሄዳል?»

«ማንም የማይሄድበት እኔ ለምን እሄዳለሁ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

መሄጃችን ሲደርስ ሰብለን ሥራ ያዛት። የተከፈለው አይመለስም ተባለ። «ብቻሽን ሂጂ፣ ነግሬያቸዋለሁ፣ ይቀበሉሻል» አለችኝ። ለመከራከርም ጉልበት ስላልነበረኝ ሄድሁ።

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ተገኝቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አማኑኤልን ስናልፍ ወደ ትውልድ መንደሬ በኩል አማተብሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላየሁትም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እናቴ፣ ደርሰናል» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ሪዞርቱ ሄድሁ። የባጃጁ ሹፌር ጋቢዬን በመስታወቱ እያየ «ከየት ነው የመጡት እማማ?» አለኝ። «ከማርቆስ» ስለው «እሱስ ያስታውቃል» አለ። እሱ በከናቴራ ላብ በላብ ሆኗል።

በሩ ላይ ጥበቃው ፌስታሌን ፈተሸ። የጸሎት መጽሐፌን ሲያይ ተሳልሞ መለሰልኝ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ አንዲት ጠይም ልጅ በብርጭቆ ጭማቂ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ! ይቺ ከእኛ ናት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጾም ነው።»

«የጾም ነው እናቴ፤ ማንጎ ብቻ ነው።»

«ሰዓቱ አልደረሰም ልጄ።»

ልጅቱ ብርጭቆውን እንደ ያዘች ዞረች። ሶፋው ላይ አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት፣ አረንጓዴ ሻሽ እስከ ደረቷ ተጠቅልላ፣ ተቀምጣ ነበር። ልጅቱ ለእሷ ዘረጋችላት።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ረመዳን ነው!»

«ውይ! ይቅርታ እማማ።» ልጅቱ እኔን አየች፣ እሷን አየች፣ ጭማቂውን አየች። «ታዲያ ይሄን ማን ይጠጣልኝ?»

«ራስሽ ጠጪዋ» አለቻት ሴትዮዋ።

«እኔስ ጾመኛ አይደለሁ?» አለች ልጅቱ። ሦስታችንም ሳቅን። ከሳቅሁ ቆይቼ ስለነበር ጉንጬ አመመኝ።

ክፍሉ የሚያሳፍር ነበር። ሰብለ ለሁለት ሰው ስለያዘችው የሙሽራ አልጋ ሰጥተውኛል። አልጋው ላይ ፎጣ አጣጥፈው ሁለት ወፍ ሠርተው፣ አፍ ለአፍ አገናኝተው፣ የአበባ ቅጠል በትነውበታል። ወፎቹን ማፍረስ አሳዘነኝና አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኋቸው። አረፍ ልል ስል ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋብኛል። ማጥፊያውን ፈልጌ አጣሁ። ተመልሶ ልጅቱን ለመጥራት መንገዱ ሩቅ መሰለኝ። ጋቢዬን እንደ ደረብሁ ወደ ሐይቁ ወጣሁ፤ ፀሐይ ያለችው እዚያ ነው።

ሐይቁ ሰፊ ነው። ማዶው አይታይም። ሰው ሁሉ ለዚህ ይመጣል፤ እኔ ግን ዓይኔ ውኃው ላይ ሆኖ የማስበው ቤቴን ነበር። ዕቃውን ለማን እሰጣለሁ? የባለቤቴን መቃብር ማን ያየዋል? በአራተኛው ፎቅ መስኮት ምን ይታያል? ይህን ሁሉ ሳስብ እንኳ አላለቀስሁም፤ ለማልቀስም ደክሞኝ ነበር።

ያቺ አረንጓዴ ሻሽ ያላት ሴት ዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች።

«እንዴ! በዚህ ሐሩር ጋቢ?» አለችኝ።

«ይበርደኛል።»

«ወባ ይሆን?»

«ወባስ ቢሆን በታወቀ።»

ሳቀችና ወንበሯን እየጎተተች መጣች። ዘይነባ እባላለሁ አለችኝ። ኮምቦልቻ ልብስ ትነግድ ነበር፤ አሁን ባሕር ዳር ከሚሠራው ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጇ እዚያው ሪዞርት ውስጥ ሥልጠና ላይ ነው፤ ቤት ብቻዋን ከምትውል ይዟት መጥቷል።

«ይታይሽ እባላለሁ» አልኋት።

«አንቺንስ ማን አመጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ልጅቱ የሙሽራ አልጋ ይዛለች ስትል ሰምቻለሁ እኮ። ሙሽራው ወዴት ጠፋ?»

«ሁለት ወፍ ትቶልኝ ሄደ» አልኋት። ከዚያ በኋላ እንደ ቆየ ወዳጅ ሆንን።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የቀትሩን ጸሎት ለማድረስ ተነሣሁ። ወንበሩን ተደግፌ ስቆም ጋቢዬም ነጠላዬም ከትከሻዬ ወረደ። ዘይነባ አንስታ ልታለብሰኝ መጥታ አንገቴን አየች። ጸልዬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ይህን ወደድሁላት። ከዚያ ሻሿን በጣቷ ዝቅ አደረገችና የራሷን አንገት አሳየችኝ። ያው እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ።

«አንቺም?» አልኋት።

«እኔም። ኪኒኗን ትወስጃለሽ?»

ተቆጣሁ። «ሰው ሁሉ እሱን ይጠይቀኛል። እወስዳለሁ! በየቀኑ እወስዳለሁ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሐኪም አይደለሁም» አለች። «ፊትሽን አይቼ ነው። እንዲህ አብጬ አውቃለሁ።»

ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስለ ልጆች፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ውኃው። መሐል ላይ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፀሐይዋ ዞራ ነበር፤ ዘይነባ ከአጠገቤ አልሄደችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምግብ ቤቱ ለመሄድ ተነሣሁ።

«ነይ አብረን እንሂድ» አልኋት። «ብቻዬን መብላት አልወድም።»

«እኔ እስከ ማታ ነኝ። ስትበዪ ቁጭ ብዬ ልይሽ?»

«ደግ አይደለም፣ ይቅር።»

«ኧረ ልምጣ፣ አጅሩ፣ የጾሜ ዋጋ፣ ለእኔ ይበዛል» ብላ ተከተለችኝ።

አስተናጋጁ የምግብ ዝርዝር አመጣ። የጾም ምን አለ ስለው «የጾም ፒዛ አለ» አለኝ። ሽሮ አዘዝሁ። ለዘይነባ ምን እንደሚያመጣላት ሲጠይቃት «ወንበር» አለችው።

ሽሮው መጣ። ጸልዬ ቆረስሁ፤ አንድ ሁለቴ ጎረስሁ። ከዚያ ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርሁትን ፈትቼ ኪኒኗን አወጣሁ፤ ውኃ አስከትዬ ዋጥኋትና ወደ እንጀራዬ ተመለስሁ። እጄ ወጡ ላይ ሳለ ዘይነባ የእጅ አንጓዬን ያዘች።

«ቆይ! ያቺው ኪኒን ናት?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወስጂያት?»

«በጾም ቀን ነው እንጂ። በፍስክ ቀንማ ጠዋት እወስዳታለሁ።»

«ስንት ቀን ነው የምትጾሙት፣ በዓመት?»

አሰብሁ። «ከሚፈታው የሚጾመው ይበልጣል።»

«በባዶ ሆድ ነው አላሉሽም?»

«ብለውኛል እንጂ! ይኸው ከትናንት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስሁም። ከዚህ የበለጠ ባዶ ሆድ የት አለ?»

ዘይነባ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«እህቴ፣ እስካሁን ባዶ ነበር። አሁን ግን ሽሮ አወረድሽባት።»

ምን እንዳለችኝ ወዲያው አልገባኝም። እሷም የወጡን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ነገረችኝ። ኪኒኗ ወደ ሰውነት የምትገባው ብቻዋን በሆድ ውስጥ ጊዜ ስታገኝ ነው። ምግብ ከተቀላቀለባት ብዙውን ሳትሰጥ ታልፋለች። ዘይነባም በረመዳን ጾሟን ስትፈታ ከተምሩና ከሾርባው ጋር ስትውጣት ከርማ፣ ለዒድ ፊቷ ተነፍቶ ልጇ ደንግጧል። ሐኪሟ ነው ጠይቆ ጠይቆ የደረሰበት። አሁን ማታ ከበላች ብዙ ቆይታ፣ ልትተኛ ስትል ትወስዳታለች፤ ጾሟም አይነካም።

«ይህን ሐኪሙ ለምን አልነገረኝም?» አልኋት።

«ጾመኛ መሆንሽን ነግረሽዋል?»

«አልጠየቀኝም። ደግሞ ጾም ይወራል እንዴ?»

እኛ አገር ሰው ጾሙን አያወራም። እህል ቅመሺ ሲሉሽ «በልቻለሁ» ብሎ ማለፍ ነው ወግ፤ ጾሜን ነኝ ማለት መመጻደቅ ይመስላል። እኔም እንዲያ አደግሁ፤ ለሐኪሙ ያልተናገርሁት ለዚህ ነው። እሱ «በባዶ ሆድ?» ሲለኝ አዎ ያልሁት እውነቴን ነው። እሱም ውሸታም ያለኝ እውነት መስሎት ነው።

ከፋሲካ በኋላ፣ ጾም በሌለበት ሃምሳ ቀን፣ ለምን ይሻለኝ እንደነበር፣ የሰኔ ጾም ሲገባ ለምን እንደምወድቅ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። እንጀራው ቀዘቀዘ። እያለቀስሁ ጨረስሁት፤ አስተናጋጁ ወጡ በርበሬ የበዛበት መስሎት ተጨንቆ ተጨማሪ ውኃ አመጣልኝ።

ማታ ዘይነባ ስታፈጥር በተራዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ለሰብለም ደውዬ ነገርኋት። «እማዬ፣ የእውነት እንዲህ ቀላል ነገር ነው?» አለች። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ወደ ማርቆስ ተመልሼ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። «እንዲያውም ክፉ ቃል ተናግሬዎታለሁ።»

«ቀርቷል» አልሁት።

የምበላው በዘጠኝ ሰዓት አንዴ ስለሆነ፣ ኪኒኗን ማታ ልተኛ ስል እንድወስዳት አደረገ። መጠኗንም ቀነሰው፤ በፊት የጨመረልኝ በከንቱ ነበርና አሁን ስትገባ እንዳትበዛብኝ። የንስሐ አባቴንም ጠየቅኋቸው፤ ለቁርባን ዋዜማ የማደርገውንም ነገሩኝ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ጾምሽን ከሰው ሰውሪ ማለት ከሐኪም ሰውሪ ማለት አይደለም። ለእኔ ኃጢአትሽን ትናገሪ የለም? ለእሱ ደግሞ ጾምሽን ተናገሪ።»

ሰብለ ለፋሲካ ካርቶንና ገመድ ይዛ መጣች። እኔ ቆሜ አስቀድሼ ነበር፤ ፊቴም ጎድሏል። ደስ አላት፣ ካርቶኖቹን ግን አልመለሰቻቸውም።

«እማዬ፣ ሁልጊዜም ከፋሲካ በኋላ ይሻልሻል» አለች። «ከዚያ ትወድቂያለሽ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ተቃጥለሽ እንዳልሰማ ነው የምፈራው።»

እውነቷን ነው።

«የሰኔን ጾም ልጹም» አልኋት። «በሰኔ ከወደቅሁ ራሴ ዕቃውን እጠቀልላለሁ።»

«በሰኔ» አለች። ካርቶኖቹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትታቸው ሄደች። ሃምሳውን ቀን ሁሉ አያቸው ነበር።

የሰኔ ጾም ገባ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየጠዋቱ እጄን እያየሁ፣ ድምፄን እያዳመጥሁ፣ ድካሙን እየጠበቅሁ ነበር የምነሣው። ዝናቡ መጣ፤ ድካሙ አልመጣም። የረቡዑን ውዳሴ ማርያም ሳልቆም ጨረስሁት። የደም ምርመራውም መልካም ሆነ። ለሰብለ አልደወልሁላትም፤ ራሷ ብታይ ይሻላል ብዬ።

አንገቱ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ወይም ሌላ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድ ጾመኛ ሁሉ፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደሚወስድ፣ ጾሙን መቼ እንደሚፈታ ለሐኪሙ ይናገር። እኔ እንዳደረግሁት ሰዓቱን ራሳችሁ አታዛውሩ፤ የእኔንም ሰዓት አትያዙ፣ የየራሳችሁን ጠይቁ። ስትጠየቁ ብቻ አትመልሱ። ዘይነባን እግዚአብሔር ይጠብቃት። አሁንም በስልክ እንጠያየቃለን።

ሰብለ ሳትነግረኝ የመጣችው ጾሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ከቅዳሴ ስመለስ በራፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጫማዋ ጭቃ ሆኗል።

«የት ሄደሽ ነው? ስልክሽም አይነሣም!»

«ቅዳሴ ነበርሁ።»

«በዚህ ጭቃ? በእግርሽ?»

«ታዲያ በምን ልሂድ?»

ተነሥታ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፣ ግራ ቀኙን እያዞረች። ወደ ቤት ገባን። ልብሴን ቀይሬ ሽሮውን ስጥድ፣ እሷ ካርቶኖቹን አጣጥፋ በገመድ አሰረቻቸውና «ለጎረቤት ስጫቸው» አለች። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ አረፍ ልበል ብላ ጋደም አለች፤ ወዲያው ወሰዳት። ከስንት ቀን ጀምራ እንዳልተኛች እግዚአብሔር ይወቅ። የእኔን መታመም ስትሸከም የደከመች እሷ ናት፤ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አላየሁላትም።

ጫማዋን አወለቅሁላት። ጋቢዬን አለበስኋት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ ምግቡ ደርሷል። አልቀሰቀስኋትም። እሳቱን አጥፍቼ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀመጥሁና፣ እስክትነቃ ድረስ፣ ሳላንቀላፋ ጠበቅኋት።